የአጎቴ አረምና የመንግሥት ድጎማ

በቤተሰባችን ታሪክ መሬት ባለማረሳቸው ገንዘብ የተከፈላቸው የመጀመሪያው ሰው አጎቴ ናቸው። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ዘመዶቻችን ሳያርሱ በቀሩበት ዓመት ሁሉ ያገኙት ክፍያ ረሃብ ብቻ ስለነበረ፣ ይህ እንደ ዋዛ የሚታይ የትውልድ እመርታ አይደለም። እኔ የዚህ እመርታ ጸሐፊ ነበርኩ። ስለዚህ ነገሩ እንዴት እንደ ተገኘና፣ አሥራ አንድ ደግ ሰዎች በአንድ ቅዳሜ እንዴት ሊያጠፉት ትንሽ እንደ ቀራቸው መመዝገብ ግዴታዬ ይመስለኛል።

መሬቱ ከለንደን በስተምሥራቅ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ ገጠር የሚገኝ አራት ሄክታር ማሳ ነው። አጎቴ አካባቢውን «አውራጃው» ይሉታል፤ ከአገር ሲወጡ የነበረውን የአስተዳደር ቃል እስከ ዛሬ አልመለሱም። ባለቤቱ ዕድሜያቸው የገፋ እንግሊዛዊ ገበሬ ሲሆኑ፣ ማሳውን ለአጎቴ ያከራዩት በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነበር። መንግሥት ለተፈጥሮ እንክብካቤ በሚከፍለው ድጎማ ውስጥ ማሳው እንዲገባና የድጎማው ውል ሳይሸራረፍ እንዲከበር ጠየቁ። ውሉ ከፈረሰ ኪራዩም ይፈርሳል፤ ማሳውም ከአጥሩ ማዶ ፈረስ ለሚያረቡት ጎረቤት ያልፋል። ጎረቤትየው ይህን ቀን በትዕግሥት ይጠባበቁ ነበር። ፈረሶቻቸው ሳይቀሩ አንገታቸውን በአጥሩ ላይ አሻግረው የአጎቴን ጎመን በተስፋ ይመለከቱ ነበር።

አጎቴ በወጣትነታቸው የመንግሥት የልማት ሠራተኛ ሆነው በየገጠሩ እየዞሩ ገበሬን ሲመክሩና ሲገስጹ ኖረዋል። ቀጥሎም ለንደን ገብተው ለሠላሳ ዓመት ያህል አውቶቡስ ነዱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለ መሬት የሚያውቁና አንድ ጋት መሬት የሌላቸው ሰው ነበሩ። ጡረታ በወጡ በዓመቱ ይህን ማሳ ሲከራዩ፣ የበሩን ቁልፍ ለንደን ውስጥ ኪልበርን በሚባል ሰፈር ካለችው አንዲት ክፍላቸው ወስደው ግድግዳው ላይ፣ ከእናታቸው ፎቶግራፍ አጠገብ ሰቀሉት። ቁልፉ የተንጠለጠለው ከፎቶግራፉ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር፤ ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም።

የድጎማውን ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በአንድ የካውንስል፣ ማለትም የሰፈር መስተዳድር፣ ቢሮ ተቀምጬ ተከራዮች ለሚያቀርቡት አቤቱታ መልስ መጻፍ እንጀራዬ ነው። በዚህ ምክንያት አጎቴ «ጸሐፌ ትእዛዝ» የሚል ማዕረግ ሰጥተውኛል። ማዕረጉ ደመወዝ የለውም፤ ጎመን ግን አለው።

«አፕላይ ማድረግ ምን ያስፈራል?» አሉኝ አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ዊልስደን ባለው ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሩን ስከፍት። «ሰው ለቤት አፕላይ ያደርጋል፤ ለቤኔፊት አፕላይ ያደርጋል። እኔ ለማሳ ባደርግ ምን ነውር አለው?»

«ነውር የለውም፣ ጋሼ። ውሉን ግን ላንብብልዎት። በማሳው ሦስት ጎን ስድስት ሜትር ስፋት ያለው መስመር መተው አለብዎት።»

«ለምን?»

«ለዱር አበባ። ለንብ፣ ለቢራቢሮና ለወፍ።»

«ይሁን፤ እነሱም ይብሉ። ከዚያስ?»

«ዘሩ አንድ ጊዜ ይዘራል። ከዚያ በኋላ አይታረስም፣ አይታረምም፣ መስከረም እስኪደርስም አይታጨድም።»

«ገባኝ። እንግዲህ ጎመን ለምተክልበት ስንት ይከፍሉኛል?»

«ለጎመኑ ምንም አይከፍሉም። የሚከፍሉት ለመስመሩ ነው።»

አጎቴ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጸሐፌ ትእዛዝ፣ ደግመህ አንብብ።»

ደግሜ አነበብኩ። ኤኮኖሚክስም ትንሽ፣ የመንግሥት ፍልስፍናም በመጠኑ ያነበብኩ ሰው በመሆኔ፣ መንግሥት ስለምን ገበያ ላይ የማይሸጥን ነገር ሊገዛ እንደሚችል፣ ከአውሮፓ ጋር ከነበረው የድሮ አሠራር ጀምሬ በዝርዝር አስረዳኋቸው። ድሮ የሚከፈለው በመሬቱ ስፋት ስለነበረ ብዙ ያለው ብዙ ይወስድ እንደ ነበር፣ አሁን ግን ለጋራ ጥቅም እንዲከፈል መታሰቡን ነገርኳቸው። ትንታኔዬ የተሟላ ነበር። ስጨርስ አጎቴ እንቅልፍ ወስዷቸው አገኘኋቸው።

ሲነቁ ነገሩን በራሳቸው መንገድ ጨርሰውት ነበር። «እኛ በጎረምሳነታችን መሬት ላራሹ እያልን ጉሮሯችን እስኪደርቅ ጮኸናል» አሉ። «ድጎማ ላላራሹ የሚባል ነገር መኖሩን የነገረን ቢኖር ጉሮሯችንን እናተርፈው ነበር።»

ከዚያ ቀን በኋላ ግን አንድ ስህተት ሠሩ፤ የዚህ ታሪክ መከራ ሁሉ ከእርሱ ይወለዳል። ነገሩን ለማንም አልተናገሩም። የወጣትነት ዕድሜያቸውን «አረምህን ንቀል» እያሉ ገበሬ ሲቆጡ የኖሩ ሰው፣ አሁን አረም በመጠበቅ እንደሚከፈላቸው በዕድራቸው ሰዎች ፊት መናገር አፈሩ። ሲጠየቁ «የጎመን ድጎማ ነው» እያሉ አሳጠሩት። የዕድሩ ሰዎችም ጎመን በመብላት መንግሥትን እያገዙ እንደሆነ አምነው ተደሰቱ።

በመጸው ዘሩ ተዘራ። በመስመሩ ራስ ላይም በእንግሊዝኛ «የዱር አበባ ስፍራ» የምትል ትንሽ ታፔላ ቆመች። ጸደይ ሲገባ ከመሬቱ የወጣው አበባ ሳይሆን ቅጠል ነበር፤ በብዛትም አሜከላ። አበባው ጊዜ ይፈልጋል ተብሏል። አጎቴ መጀመሪያ መስመሩን ፊታቸውን አዙረው ያልፉት ነበር፤ ዕዳ ያለበት ሰው የአበዳሪውን ሱቅ እንደሚያልፈው። እያደር ግን ልማድ አወጡ። ቅዳሜ ቅዳሜ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዳር ዳሩን መዞር ጀመሩ። አንድ ቀን ከኋላቸው ስደርስ ጎንበስ ብለው አንዲት ንብ «እንደምን አደርሽ» ሲሏት ሰምቼ፣ ድምፅ ሳላሰማ ተመለስኩ። ንቧም የመንግሥት ሥራ ላይ ስለነበረች አክብሮት ይገባታል ማለታቸው ይሆናል።

በግንቦት አጎቴ የጉልበት ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። የእርሳቸው ቤት ደረጃ ስለሚበዛው እኔ ዘንድ መጡና ሶፋዬን ከነሙሉ ሥልጣኑ ተረከቡ። በዚያው ሰሞን ደብዳቤ ደረሰ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተቆጣጣሪ ማሳው ድረስ መጥታ መስመሩን ታያለች ይላል። ደብዳቤውን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩት። አጎቴ አልተጨነቁም። «አሜከላ እኔ አልጋ ላይ ብሆንም ይበቅላል» አሉ። «ይህ ሥራ ለበሽተኛ የተመቸ ነው።»

የዘነጉት አንድ ነገር ነበር። በእኛ ሰው ዘንድ አራሽ ሲታመም ማሳው ብቻውን አይተውም፤ ደቦ ይወጣል። ለንደንም ይህን ልማድ አላጠፋችውም። የሚታረስ መሬት ያለው ሰው በመጥፋቱ ብቻ ልማዱ ለብዙ ዓመት ሥራ ፈትቶ ቆይቶ ነበር።

በቀጣዩ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ገደማ ደወሉ ተደወለ። በሩን ስከፍት ደረጃው ሙሉ ሰው ነው። አሥራ አንድ ናቸው፤ ጫማቸው ጭቃ፣ ፊታቸው ብርሃን። ከፊት ያሉት ኪልበርን ላይ ቅመማ ቅመምና የአጎቴን ጎመን የሚሸጡት ሴትዮ ናቸው፤ ሰው ሁሉ እትዬ ይላቸዋል። ከኋላቸው የዕድሩ ሚኒባስ ሹፌር ዶማ እንደ ጠመንጃ ተሸክሞ ቆሟል።

«ጋሼ፣ አይነሱ፤ ጉልበትዎን ይጠብቁ» አሉ እትዬ እየገቡ። «ማሳዎን አይተን መጣን።»

«ማሳዬን?» አሉ አጎቴ።

«ማየት ብቻ አይደለም። እርስዎ እዚህ ተኝተው እኛ እጃችንን አጣጥፈን ልንቀመጥ ነው እንዴ? ጎመኑ ንጹሕ ነው፤ ሽንኩርቱም ንጹሕ ነው። እኛማ በከንቱ ደከምን ብለን ልንመለስ ነበር። ዳር ዳሩን ስናይ ግን…» እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ስለ ሰው ገበና የሚናገሩ ይመስሉ ነበር። «ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ አሜከላው ወገቤ ድረስ ነው። እርስዎን የመሰለ የእርሻ ሰው። ፈረንጁ ጎረቤት ቢያይ ምን ይላል?»

«ከሥሩ ነው የነቀልነው» አለ ሹፌሩ። «እኔ በማጭድ ይበቃል ብዬ ነበር። እትዬ ናቸው ተመልሶ ይበቅላል ብለው እምቢ ያሉት።»

እትዬ ስልካቸውን ለአጎቴ ሰጧቸው። በትከሻቸው በኩል አየሁት። በማሳው ሦስት ጎን ጥቁር አፈር ተዘርግቷል፤ ለጥምቀት እንደ ተጠረገ ደጅ የጸዳ ነው። አንድ ሣር አልቀረም። አጎቴ ምስሉን በሁለት ጣታቸው አሰፉት፤ ወደ ግራ ወሰዱት፤ ወደ ቀኝ ወሰዱት። አንድ የተረፈ አሜከላ እየፈለጉ እንደ ነበር የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ።

«ታፔላም አግኝተናል» አሉ እትዬ። «የዱር አበባ ይላል። አበባ ብንፈልግ አንድም የለም። ከእርስዎ በፊት የነበረው ተከራይ ረስቶት የሄደ መስሎን አጥበን በሩ ላይ አስደገፍነው።»

አጎቴ ስልኩን መለሱ። ለደቦ የወጣ ሰው የሚባለውን ሁሉ አንድ ሳያጎድሉ አሉ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጉልበታችሁን ይባርክ። ይህን ውለታችሁን መቼም አልረሳውም።» የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ፍጹም እውነት ነበር።

እኔ ሻይ አፈላሁ፤ ዳቦ ቆረስኩ። የደቦ ባለቤት ሠራተኛውን መመገብ አለበትና፣ ማሳችንን ያጠፉትን ሰዎች በልተው እስኪጠግቡ አስተናገድኳቸው። ከጠገቡም በኋላ ሦስቱ ለመንገድ ጠቀለሉ።

ሲሄዱ «ለምን አልነገሯቸውም?» አልኳቸው አጎቴን።

«ምን ብዬ ልንገራቸው? ወገባችሁ እስኪቆረጥ የሠራችሁት ጥፋት ነው ልበል? ደቦ የወጣ ሰው አይወቀስም።»

«ተቆጣጣሪዋ ከአሥር ቀን በኋላ ትመጣለች። ውሉ ከፈረሰ ማሳው ይሄዳል።»

አጎቴ ክራንቻቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ከዚያም «ሃክኒ ወዲያ እሁድ እሁድ የአበባ ገበያ አለ አይደል?» አሉኝ።

በማግሥቱ ሄድኩ። ሐሳቡ ከክብሬ ጋር የማይሄድ ቢሆንም፣ ወደ ነጋዴው ቀርቤ ጉዳዬን በጥንቃቄ አስረዳሁት።

«ማንም ያልተከለው የሚመስል አበባ እፈልጋለሁ» አልኩት።

«ለምን ያህል ቦታ?»

«ርዝመቱ ስድስት መቶ ሜትር፤ ስፋቱ ስድስት።»

ነጋዴው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «ወንድሜ» አለኝ፣ «ማንም ያልተከለው የሚመስለው ነው ውዱ።»

በመጨረሻ ሁለት ትሪ ችግኝ ገዝቼ ባቡር ላይ በጉልበቴ አስቀምጬ ተመለስኩ። አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት ሠርግ እንዳለ ጠየቁኝ። «ለመንግሥት ተቆጣጣሪ ነው» አልኳቸው። ሴትዮዋ በሚቀጥለው ጣቢያ ወንበር ቀየሩ።

ችግኞቹን መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ሁለቱ ትሪዎች የገንዳውን ግማሽ እንኳ አልሞሉም። አጎቴ በክራንች ተደግፈው በሩ ላይ ቆሙና አዩአቸው።

«ያ በሬ መጣ» አሉ።

«የቱ በሬ?»

«የልማት ሠራተኛ ሳለሁ በአንድ ቀን ሦስት የገበሬ ማኅበር ጎበኘሁ። በመጀመሪያው አንድ ቀንዱ የተሰበረ ቀይ በሬ አሳዩኝ። በሁለተኛውም አንድ ቀንዱ የተሰበረ ቀይ በሬ። ሦስተኛው ጋ ስደርስ በሬው በአቋራጭ ቀድሞኝ ደርሶ ያለከልካል።»

«ምን ብለው ጻፉ?»

«ሦስት በሬ ብዬ ነዋ። በዚያ ቀን በሬው ከእኔ የበለጠ መንገድ ሄዷል፤ የውሎ አበሉን የበላሁት ግን እኔ ነኝ።» ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። «ሰዎቹ የሌላቸውን ያሳዩኝ ፈርተው ነው። እኔም አይቼ ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። በሰባ ሁለት ዓመቴ ደግሞ እኔው በሬ ላዙር? ይቅር። እውነቱን ጻፍላት።»

ይህ ለእኔ የክብር ሰዓት ነበር። በዚያው ቀን ሦስት ገጽ ደብዳቤ አረቀቅሁ። የደቦን ምንነት፣ የልማዱን ጥንታዊነትና የአሥራ አንዱን ሰዎች ቅን ልቡና ያብራራ፣ በግርጌ ማስታወሻ የተደገፈ ሥራ ነበር። አጎቴ አዳመጡና ሁለት ገጽ ተኩሉን አስወጡት።

«እኔ አረምኩት ብለህ ጻፍ» አሉኝ።

«እርስዎ ሶፋዬ ላይ ነበሩ።»

«የሰዎቹን ስም በመንግሥት ወረቀት ላይ በጥፋት አላስገባም። እኔ አረምኩት በል።»

«እውነቱን ጻፍ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ይህስ በሬ ማዞር አይደለም?»

«አይደለም። በሬ የሚዞረው ለራስ ነው። ይህ ለሰው ነው።»

ይህን ልዩነት በየትኛውም የሥነ ምግባር መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁትም፤ ለሁለት ቀን ፈልጌ ነበር። ደብዳቤው እንዳሉት ሆኖ ተላከ። ችግኞቹን ለጎረቤቶቼ አደልኩ።

ተቆጣጣሪዋ የመጣችው በአንድ ማክሰኞ ረፋድ ነበር። ቦት ጫማ ያደረገች፣ ታብሌት የያዘች፣ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ወጣት ናት። አጎቴ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ በሁለት ክራንች ቆመው ተቀበሏት። ተቆጣጣሪዋ የተራቆተውን መስመር ከዳር እስከ ዳር አየችው። ከዚያ ታብሌቷ ላይ ያለውን ደብዳቤ አየች። ከዚያ ክራንቾቹን አየች።

«ይህን ሁሉ እርስዎ ነቀሉት?» አለቻቸው።

«ቀስ በቀስ» አሉ አጎቴ።

ተቆጣጣሪዋ መልስ ሳትሰጥ የሚኒባስ ድምፅ ተሰማ። ጎመን ለመጫን የሚመጡበት ቀን ሐሙስ ነው። ሹፌሩ ግን አጎቴን ወደ ማሳው እንዲያደርስልን ስንለምነው የመንግሥት ሰው እንደምትመጣ ሰምቶ ለእትዬ ነግሯቸዋል፤ እኛን ካወረደ በኋላም እሳቸውን ከባቡር ጣቢያው ሊያመጣ ተመልሶ ነበር። የመንግሥት ሰው ደግሞ በባዶ እጅ አይቀበሉትም። እትዬ በነጭ ነጠላ ተሸፍነው፣ በፎጣ የተጠቀለለ ድስት ታቅፈው ወረዱ።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አሏት ተቆጣጣሪዋን በእንግሊዝኛ፣ መስመሩን በአገጫቸው እያሳዩ። «ወደድሽው? እኛ ነን ያጸዳነው። አሥራ አንድ ሆነን በአንድ ቀን። እሳቸውማ ታመው ተኝተው ነበር።»

ከአጥሩ ማዶ አንድ ፈረስ አስነጠሰ። ተቆጣጣሪዋ ታብሌቷ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። አጎቴ ወደ መሬት አቀረቀሩ፤ መሬቱ ላይ ግን የሚታይ አንዳች ነገር አልነበረም።

«እህቴ» አሉ በመጨረሻ በአማርኛ፣ «መንግሥት የሚከፍለኝ ለእሱ ነበር።»

«ለየቱ?»

«ለነቀላችሁት።»

እትዬ ድስቱን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። «ለአሜከላው?»

«ለአሜከላው። ከውስጡ አበባ ሊወጣ ነበር። ውሉ ከፈረሰ ማሳውን ይወስዱብኛል።»

«ለጎመኑስ?»

«ለጎመኑ አምስት ሳንቲም የለም።»

«ታዲያ የጎመን ድጎማ ሲሉን የነበረው ምንድን ነው?»

«አፍሬ ነው።»

«እርስዎ አፍረው የእኛ ወገብ ተቆረጠ» አሉ እትዬ። «ይህን ሁሉ ዓመት ጎመን ስለቅም አረሙን በነጻ ስጥለው የኖርኩት እኔ ነኝ ሞኟ።» ይህን ብለው ድስቱን ለእኔ አስታቀፉኝና ወደ ተቆጣጣሪዋ ዞሩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ከሥሩ ንቀሉ ያልኩት እኔ ነኝ። ጻፊው።»

«አትጻፊው» አሉ አጎቴ። «ውሉን የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ዝም ይበሉ፤ በሽተኛ ነዎት።»

«በማሳዬ ዝም አልልም።»

ምግብ ቤት ውስጥ ሒሳብ እኔ ልክፈል፣ የለም እኔ ልክፈል እንደሚባባሉ ሰዎች ጥፋቱን ይሻሙ ጀመር። እትዬ ክንዳቸውን ያዟቸው፤ አጎቴ በክራንች ተከላከሉ። ተቆጣጣሪዋ ጣልቃ አልገባችም። በመስመሩ መካከል ተንበርክካ አንድ እፍኝ አፈር አነሳችና በጣቷ መካከል አደቀቀችው።

«ይህን የሠሩ ሰዎች ከየት ነው የሚቀጠሩት?» ብላ ጠየቀች።

«አይቀጠሩም» አሉ አጎቴ። «ሰው ሲታመም ይመጣሉ።»

«በዚህ አካባቢ ያሉትን ገበሬዎች የዱር አበባ ከመዝራታችሁ በፊት አረሙን ከሥሩ አጥፉ፣ አፈሩን አልሙ እያልኩ እለምናለሁ፤ የሚሰማኝ የለም። እርስዎም ባለፈው መጸው እንዲህ አላደረጉም፤ አሜከላው መስመሩን የወረሰው ለዚያ ነው። እንዲህ የተዘጋጀ መሬት ካየሁ ቆይቻለሁ።» ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች። የዚህ ዓመት የመስመሩ ክፍያ እንደማይሰጥ ነገረችን። ሳይጠየቁ ራሳቸው ስላሳወቁ ግን ውሉ አይፈርስም፤ መስመሩ በመስከረም እንደገና ከተዘራና በጸደይ ስትመለስ በቅሎ ካገኘችው ይቀጥላል። ደብዳቤው ግን እውነተኛውን ነገር እንዲይዝ ተስተካክሎ እንደገና ይላክ አለች። ሦስቱ ገጾቼ ከነግርጌ ማስታወሻቸው ወደ መንግሥት መዝገብ የገቡት በዚህ መንገድ ነው። ከጻፍኳቸው ሥራዎች ሁሉ አንባቢ እንዳገኘ እርግጠኛ የሆንኩበት ይህ ብቻ ነው።

ተቆጣጣሪዋ ከድስቱ በላች። የመሥሪያ ቤቷ ደንብ ስጦታ እንዳትቀበል የሚከለክላት መሆኑን ስትናገር፣ እትዬ ምግብ ስጦታ አለመሆኑን ነገሯት፤ በዚህ ክርክር ያሸነፋቸው ሰው እስካሁን አላየሁም።

በመስከረም ሁለተኛው ደቦ ወጣ። ዘሩ ከአሸዋ ጋር ተደባልቆ በባልዲ ቀረበ፤ አጎቴ አሁን በአንድ ክራንች ብቻ ቆመው ያዛሉ።

«ምን ልንሠራ ነው የምንሄደው ሲሉኝ፣ አረም ልንዘራ ነው አልኳቸው» አሉ እትዬ። «ግማሾቹ ሐኪም እንዲያየኝ መከሩኝ።»

«እኔ የማውቀው» አለ ሹፌሩ ዘሩን በእጁ እየመዘነ፣ «በሰው ማሳ ላይ እንክርዳድ የሚዘራው ጠላት ነው።»

«ጠላት በነጻ ነው የሚዘራው» አሉት አጎቴ። «ዝራ።»

እትዬ ጤፍ እንደሚዘራ ሰው ከወገባቸው እየተወዛወዙ በተኑ። ከዚያ አሥራ አንዱም ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ዘሩን በእግራቸው እየረገጡ ሦስቱን ጎን ዞሩ። ፈረሶቹ አንገታቸውን በአጥሩ አሻግረው እስከ መጨረሻው ተመለከቱ፤ ተስፋ ስለመቁረጣቸው ግን ማረጋገጫ የለኝም።

የቀረው ታፔላው ነበር። ከእንግሊዝኛው ሥር አማርኛ እንዲጨመር ተወሰነና ጽሑፉ ለጸሐፌ ትእዛዝ ተሰጠ። «የተከበራችሁ ወገኖች ሆይ» ብሎ የሚጀምር፣ ምክንያቱን በሦስት አንቀጽ የሚያስረዳ ረቂቅ አቀረብኩ።

«ሰው ይህን አንብቦ እስኪጨርስ አረሙን ነቅሎ ይጨርሳል» አሉ አጎቴ።

ስለዚህ በደማቅ ቀለም አራት ቃል ጻፍኩ፦ «እዚህ ማገዝ ክልክል ነው።»

ሹፌሩ ታፔላውን በመዶሻ ሲያቆም ሁላችንም ዙሪያውን ከብበን ቆመን ነበር። ከእንጨቱ ሥር፣ ከሁለቱም ደቦ ያመለጠ አንድ የእጅ መዳፍ የማያህል አሜከላ በቅሎ ነበር። እትዬ ከሰው ጋር እያወሩ ጎንበስ አሉና፣ ሳያስቡት ከሥሩ ነቀሉት። ወሬው ቆመ። እትዬ በእጃቸው ያለውን አዩ፤ ታፔላውን አዩ፤ አጎቴን አዩ። ከዚያም መልሰው ጉድጓዱ ውስጥ አቆሙትና፣ አፈሩን በጫማቸው ጫፍ ዙሪያውን ቀስ አድርገው ጠቀጠቁለት።